ሰባተኛው ገንዳ

ጋሽ ደምሴ መሞታቸውን የሰማሁት ሮተርዳም፣ ሜትሮ ባቡር ውስጥ ነው። ከሥራ ወጥቼ ወደምኖርበት ካፔለ እየተመለስኩ ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን የቴሌግራም ግሩፕ ድምፅ ሲያሰማ ስልኬን አወጣሁ፤ «ወንድማችን ደምሴ ትናንት ወደ ጌታ ተሰብስበዋል፤ ለቅሶው ቭላርዲንገን ቤታቸው ነው» ይላል። ከሥሩ የሚያለቅስ ፊት፣ የተጋጠሙ እጆች፣ ደግሞ የሚያለቅስ ፊት ተደርድሯል። መቀመጫ አግኝቼ ነበር፣ ተነሣሁ። ለምን እንደተነሣሁ እንጃ። የእኔ ያልሆነ ጣቢያ ወረድኩና ከጫፍ እስከ ጫፍ ስመላለስ ሦስት ሜትሮ አለፈኝ። አንዲት ሆላንዳዊት አሮጊት ቀረብ ብላ «ደህና ነሽ?» አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት። ውሸቴን ነው።

ሰው ሲሞት ደግ ደጉ ነው የሚወራው። እኔም ደግ ደጉን ልጽፍ አስቤ ነበር፤ አላስቻለኝም። ጋሽ ደምሴ ላይ የሠራሁት ነገር አለ። እሱን ውጬ ስለ እሳቸው ላውራ ብል አፌ አይታዘዝልኝም።

ጋሽ ደምሴ እግራቸው አያርፍም ነበር። ሻይ ቢቀዳላቸው ቆመው ነው የሚጠጡት። ባለቤታቸው እትዬ አሰለፈች፣ «ይኼ ሰውዬ ቁጭ ብሎ ሲበላ ያየሁት አውሮፕላን ውስጥ ብቻ ነው፤ እሱም ቀበቶ ስላሰሩት» እያሉ ያስቁን ነበር። ሌላው ሰው እስክሪብቶ በሚሰካበት የደረት ኪስ ጋሽ ደምሴ ቴርሞሜትር ይሰካሉ። የገቡበትን ቤት ሁሉ ይለካሉ። አንድ ጊዜ ቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ልታጠምቅ፣ ፓስተሩ ነጭ ልብሱን ለብሶ ውሃው አጠገብ ቆሟል፤ ጋሽ ደምሴ ከመካከላችን ተነሥተው ሄዱና ቴርሞሜትሩን ገንዳው ውስጥ ነከሩት።

«አሥራ ሰባት!» አሉ፣ ጉባኤው ሁሉ እየሰማ። «ሰው ነው የምታጠምቁት ወይስ ሳልመን የሚሉትን የብርድ ውሃ ዓሣ?»

ፓስተሩ ሳቁን ሊይዝ ሞክሮ አልቻለም። እሳቸው ግን መቀለዳቸው አልነበረም። ኩሽና ያለውን ማንቆርቆሪያና ድስት ሁሉ አስጣዱ፤ ሙቅ ውሃ እያመላለሱ፣ በክንዳቸው እያማሰሉ፣ ውሃው ለብ እስኪል ድረስ ማንንም አላስገቡም። ያንኑ መዝሙር አራት ጊዜ ዘመርነው።

የምንሠራው አንድ ቦታ ነበር፤ ቭላርዲንገን ወደብ አካባቢ፣ ከውጭ ሲያዩት መጋዘን የሚመስል፣ ውስጡ ግን ዓሣ የሚረባበት ቤት። እኔ ማሸጊያ ክፍል ነኝ። እሳቸው ጽዳት ናቸው። ኢትዮጵያ እያሉ ሃያ ዓመት ሙሉ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ዓሣ ሲያራቡ የኖሩ ባለሙያ ናቸው፤ እዚህ ወረቀታቸውን ተቀብሎ የሚያነብላቸው ጠፋና አንድ የሥራ ኤጀንሲ መጥረጊያ አስጨበጣቸው። ሲያወሩት አያማርሩም። «መጥረጊያ ይዘሽ ስትገቢ ማንም ወዴት ነሽ አይልሽም፤ ሁሉንም ታያለሽ» ይሉኝ ነበር።

ያዩም ነበር። ስድስቱ ገንዳ አምባዛ ነው። ሰባተኛው ባዶ ነበር፤ የቤቱ ባለቤት ሩድ፣ ረጅምና ችኩል ሆላንዳዊ፣ አንድ ቀን ከእስያ አዲስ ዓሣ አስመጣ። ግሩፐር የሚባል የሞቃት ባሕር ዓሣ ነው፣ ያውም ድቅል፤ እናቱ ከአንድ ዘር፣ አባቱ ከሌላ ግዙፍ ዘር። ጣት ጣት የሚያካክሉ ጫጩቶች ውሃ በሞላው ፕላስቲክ ውስጥ ሆነው በአውሮፕላን መጡ። ጋሽ ደምሴ ሲያዩአቸው፣ «የእኛን ሰፈር ልጆች መሰሉ እኮ፤ እናት ከዚህ፣ አባት ከዚያ፣ ትምህርት ቤቱ ሆላንድ» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን ብዙ አልቆየም። ዓሦቹ ጠቆሩ፣ ምግብ ተዉ፣ በየቀኑ አምስትም ስድስትም እየሞቱ ይወጡ ጀመር። ጋሽ ደምሴ ያንኑ ወለል በቀን አሥር ጊዜ ይጠርጋሉ፤ ሰባተኛው ገንዳ ሥር ያለውን ብቻ። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ አላስችል ሲላቸው መጥረጊያቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው እኔን እየጎተቱ ሩድ ፊት ቆሙ።

«በይው» አሉኝ። «ይኸ ዓሣ ደክሞታል በይው። ባሕር ውሃ ይጠጣል፣ ጨዉን በስንጥቡ መልሶ ያወጣል፤ ሌት ተቀን ሥራው ይኸው ነው፣ ጉልበቱ እዚያ ያልቃል። ጨዉን ብናቀልለት የተረፈውን ጉልበት ያድግበታል። ግን ቀስ ብለን፣ በሳምንታት። በአንድ ቀን ካደረግነው እንገድለዋለን በይው።»

ስንጥብ በሆላንድኛ ምን እንደሚባል ከየት አባቴ ልወቅ! አንገቴ ላይ በሁለት እጄ እየከፈትኩና እየዘጋሁ አሳየሁት። ሩድ ፈገግ አለና ጽዳት ሠራተኛውን አዲስ ሰው እንዳየ ሁሉ ከእግር እስከ ራሳቸው አያቸው። «ሦስት ወር» አለ። «ሰባተኛው ገንዳ ያንተ ይሁን። የተረፉት ሦስት መቶ ይሆናሉ። ገዢዎቹ ሊያዩ ሲመጡ በሕይወት ካሉና ካደጉ የዓሣ ተቆጣጣሪ ብዬ እቀጥርሃለሁ።» አደጋ ሲኖር ማንቂያው ራሱ የሚደውልበትን ጥቁር ስልክም አስረከባቸው።

ከቢሮው ስንወጣ ጋሽ ደምሴ አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለውን የሥራ ካርድ አንሥተው አሳዩኝ። ከስማቸው ሥር በሆላንድኛ «ጽዳት» ይላል።

«ይኸ ቃል ከደረቴ ይውረድልኝ እንጂ፣ ሰናይት፣ ሌላ ምንም አልፈልግም» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

ከዚያ በኋላማ ማን ይቻላቸው! ጠዋት ከሁሉ ቀድመው ይገባሉ፣ ማታ ከሁሉ ኋላ ይወጣሉ፣ በመሃል ደግሞ ጽዳቱ አለ። ጨዉን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ቀነሱት። የውሃውን ሙቀት ሃያ ስምንት ላይ አስረው ያዙት። እኔን በየእረፍቱ እየጠሩ ያስተምሩኛል፤ ላስተምርሽ ብለው ግን አያውቁም። «ነዪ እስቲ፣ ውሃው ምን ይላል?» ነው የሚሉት። ዓሣ ሲከፋው አይጮህም፣ ይጠቁርብሻል። ብርድ ሲሆንበት ታች ወርዶ ይተኛል። ስንጥቡን የሚከፍትበትን ፍጥነት ሰዓታቸውን እያዩ ይቆጥራሉ፣ እኔም አብሬ እቆጥራለሁ፤ የእኔ ከእሳቸው ጋር ካልገጠመ፣ «ልብሽ የት ሄዶ ነው?» ብለው እንደገና ያስጀምሩኛል።

አንድ ቀን የነገሩኝን ደግሞ ቃል በቃል አስታውሳለሁ። «ሙቀቱ ያሳድጋል፣ ግን ጣጣ አለው» አሉኝ። «ሙቅ ውሃ አየር አይዝም፤ ዓሣው ደግሞ ሲሞቀው ብዙ አየር ነው የሚፈልገው። አየር መንፊያው ቢቆም አምባዛ ግድ የለውም፣ ብቅ ብሎ ከእኛው አየር ይስባል። እነዚህ ግን ያላቸው ደቂቃ ነው። ደቂቃ ነው የምልሽ!»

አላወቅኩም እንዳልል ነው ይኸን የምጽፈው። አውቅ ነበር።

ሁለት ወር ተኩል አለፈ። ዓሦቹ መዳፍ አከሉ፤ ቆዳቸው ጠራ፣ ነጠብጣቡ ደመቀ። ሩድ ጠዋት ጠዋት መጥቶ አይቶ እያፏጨ ይሄድ ጀመር። ጋሽ ደምሴ ግን ይባስ አላረፉም። ያ ጥቁር ስልክ ከእጃቸው አይለይም፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እንኳ።

ቤተ ክርስቲያናችን ሮተርዳም ደቡብ፣ የተከራየነው የትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። እኔ አስተናጋጅ ነኝ። በየስብከቱ መሃል ስልክ እየጮኸ ስላስቸገረ ሽማግሌዎቹ ደንብ አወጡ፤ ሰው ሲገባ ስልኩን በር ላይ ቅርጫት ውስጥ ያስቀምጣል፣ ቅርጫቱ ከአስተናጋጇ እግር ሥር ይቆያል። ጋሽ ደምሴ ብቻ እንቢ ብለው በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ፣ ቁጭ ብድግ ይላሉ፣ ይወጣሉ፣ ይገባሉ። ሰው ያጉረመርማል። እትዬ አሰለፈች ያፍራሉ። አንድ እሑድ ከአገር ቤት የታወቀ አገልጋይ ሊመጣ ሆነና ሽማግሌዎቹ ጠርተው፣ «ሰናይት፣ ዛሬ ማንም ሰው፣ ደምሴም ቢሆን» አሉኝ።

በር ላይ ቆሜ ለመንኳቸው። «ጋሼ፣ ዛሬን ብቻ። እንግዳ አለብን።»

ስልኩን አዩት፣ እኔን አዩኝ። እትዬ አሰለፈች በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው። «እንካ» አሉኝ በመጨረሻ፣ እንደ ወንድ ልጅ ነበር የሚያዙኝ ሲቸኩሉ። «ከጮኸ ግን፣ ሰውዬው እየጸለየም ይሁን፣ ጌታ ራሱ እየመጣም ይሁን፣ ትጠሪኛለሽ።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ አፌን ሞልቼ።

አገልጋዩ ስብከቱን ጨርሶ፣ ሸክም ያለበት ወደ ፊት ይምጣ አለ። እትዬ አሰለፈች በጆሯቸው አንድ ነገር ነገሯቸው። ጋሽ ደምሴ ተነሡ። ሊወጡ ነው ብዬ ስጠብቅ ወደ ፊት ሄዱ። ተንበረከኩ። እኚያ ሰውዬ! ግንባራቸውን ወንበር ላይ አስደግፈው ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ማልቀስ ጀመሩ። አዳራሹ ሁሉ ዓይኑን ጨፍኗል። ያን ጊዜ ነው እግሬ ሥር ያለው ቅርጫት የተንቀጠቀጠው።

ጥቁሩ ስልክ ነበር። እጄ ውስጥ ይርገበገባል። ቀና ብዬ አየኋቸው። እኚያን ሰው በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ አርፈው አየኋቸው። አንድ ደቂቃ፣ አልኩ ለራሴ፤ አንድ ደቂቃ ይጸልዩ፣ ነገሩ ይኸን ያህል አይሆንም፣ ሰው ጸሎት ላይ እያለ ትከሻውን ነክቶ ተነሥ ይባላል እንዴ? ዝም እንዲልልኝ አረንጓዴውን ተጫንኩና ወዲያው ዘጋሁት። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ጮኸ። እንደገና አነሣሁ፣ እንደገና ዘጋሁ። ከዚያ ነጠላዬን ጠቅልዬ ላዩ ላይ ጣልኩበት። ጸሎቱ የግማሽ ሰዓት ያህል ቆየ።

ሲጨርሱ ፊታቸው በርቶ መጡ። እንዲህ ያለ ፊት አይቼባቸው አላውቅም። ስልኩን ሰጠኋቸው። አዩትና ያ ብርሃን ጥፍት አለ። ሮጡ። አንድ ወንድም በመኪናው ቭላርዲንገን ሲያደርሰን ከኋላ ተቀምጬ የአንገታቸውን ሥር ሲመታ አያለሁ። መንገድ ላይ ለሩድ ደወሉ፤ ዴንሃግ አማቶቹ ዘንድ ነበር።

አየር መንፊያው ቆሟል። አምባዛዎቹ ብቅ እያሉ አየራቸውን ስበው ይመለሳሉ፣ ደንታም የላቸው። ሰባተኛው ገንዳ ላይ ግን ዓሦቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈዋል። ጥቂቶቹ አፋቸውን ከፍተው ስንጥባቸው ይርገፈገፋል። ጋሽ ደምሴ የኦክስጅኑን ጠርሙስ ከፍተው ቱቦውን ወረወሩና በእሑድ ሱፋቸው ዘለው ገቡ። አንዱን ዓሣ በሁለት እጃቸው ይይዛሉ፣ አፉ ውስጥ ውሃ እንዲገባ ወደፊት ይነዱታል፣ ሲነቃ ለቀው ሌላ ይይዛሉ። «አይዞህ፣ አይዞህ፣ ሳብ፣ ሳብ» ይላሉ። እኔም ገባሁ። ምን እንደነካሁ፣ ምን እንደያዝኩ አላውቅም። አርባ የማይሞሉ ተረፉ።

ሩድ ሲደርስ ሁለታችንም ከወገባችን በታች ውሃ ውስጥ ነበርን። የሞቱትን አየ። ከዚያ የማንቂያውን መዝገብ ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ አይቶ ተመለሰ።

«ስልኩ ተነሥቷል» አለ። «ሁለት ጊዜ። ካልተነሣ ወደ እኔ ይደውል ነበር። አንሥተህ ነው ያልመጣኸው?»

ጋሽ ደምሴ ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ቆመ። ያ ሳምንት «ቫስት» የሚሉት ቋሚ ኮንትራቴ የሚፈረምበት ሳምንት ነበር። ልጆቼን ከአገር ቤት ለማምጣት እሱን ይዤ ነው ማመልከት የነበረብኝ። እግዜር ያውቃል፣ ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ ግን ምንም አልወጣም።

«ጸሎት ላይ ነበርኩ» አሉ ጋሽ ደምሴ፣ በዚያች ስብርባሪ ሆላንድኛቸው።

ውሸት አልነበረም። ሩድ ራሱን ነቀነቀ። ጥቁሩን ስልክ ከጠርዙ ላይ አንሥቶ ኪሱ ከተተው። በማግሥቱ ጋሽ ደምሴ ያንኑ «ጽዳት» የሚለውን ካርድ አንጠልጥለው፣ ያንኑ መጥረጊያ ይዘው ገቡ። የእኔ ኮንትራት ዓርብ ተፈረመ።

ከዚያ ቀን በኋላ አንቺ ብለውኝ አያውቁም። «እርስዎ» ሆንኩ። ልጃቸውን የማክለውን እኔን «እንደምን አደሩ? ይለፉ» ይሉኛል፣ ግድግዳው ላይ ተጠግተው መንገድ እየለቀቁልኝ። ቢሰድቡኝ በስንት ጣዕሙ! አንድ ቀን ተከትያቸው ባቡር ጣቢያ ሄጄ ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ። «እኔ ሳልሆን ዓሦቹ ናቸው የሞቱት» ብለውኝ ባቡሩ ውስጥ ገቡ። ወንበር ነበረ፤ ቆመው ሄዱ።

የተረፉት ዓሦች አደጉ፤ ውሃው ልክ ነበር። ሩድም በዘዴው አመነ፣ ያንኑ ይዞ አዲስ ዓሣ አስመጣ፤ ለተቆጣጣሪነት ግን ዲፕሎማ ያለው ሌላ ሰው ቀጠረ። ሰውዬው መጥፎ አልነበረም፣ ችኩል እንጂ። አንድ ጠዋት ጋሽ ደምሴ ማሸጊያ ክፍል መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። «ለዓሦቹ ይናገሩላቸው» አሉኝ። «ጨዉን በአንድ ቀን ነው ያወረዱባቸው። ጠቁረዋል። እኔን አይሰሙኝም።» ሄጄ ለሩድ ተናገርኩ፣ ተስተካከለ፣ ዓሦቹ ዳኑ። ሩድ በሁሉ ፊት ጨብጦኝ፣ «ጎበዝ፣ ዓይን አለሽ» አለኝ። ጋሽ ደምሴ ከጀርባው እየጠረጉ ነበር። አሁንም አልተናገርኩም። በዓመቱ ሥራውን ትቼ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ገባሁ። ልጆቼ መጡ፣ ካፔለ ላይ ቤት ከኸሜንተው፣ ከከተማው አስተዳደር፣ አገኘሁ። እሳቸው ጡረታቸው እስኪደርስ ጠረጉ።

ትናንት ለቅሶ ሄድኩ። ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ጥግ ፈልጌ ተቀመጥኩ፣ ተነሣሁ፣ ሌላ ቦታ ሄጄ ተቀመጥኩ። ሩድ አበባ ይዞ፣ በሩን ጎንበስ ብሎ ገባ፤ ጠጉሩ ሸብቷል። ቦታ ለቀቁለት። ለእትዬ አሰለፈች አንድ ነገር መናገር ፈለገና ዞር ዞር ሲል እኔን አገኘ፤ አስተርጉሚልኝ አለ። የሚያከብራቸው ሰው እንደነበሩ ተናገረ። አስተረጎምኩ። ገንዳው ላይ ሙያቸው የሚገርም እንደነበር ተናገረ። እሱንም አስተረጎምኩ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለእኔ ብቻ፣ «አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም» አለኝ። «እንደ እሱ ያለ ሰው፣ ሁለት ጊዜ አንሥቶ፣ እንዴት ቁጭ ይላል?»

«እሳቸው አላነሡትም» አልኩት በሆላንድኛ። «እኔ ነኝ። ስልኩ እኔ ጋ ነበር። እሳቸው አልሰሙም።»

ሩድ አበባውን ገና አላስቀመጠም ነበር። «ሰባት ዓመት» አለ።

እትዬ አሰለፈች ከፍራሹ ላይ ቀና አሉ። «ምን አልሽው?» አሉኝ። «የዚያን እሑድ ነገር ነው የነገርሽው? ስልክ ስትዪ ሰማሁ።»

ሆላንድኛ የሚችሉት ልጆች ሌላኛው ክፍል ናቸው፤ የፈለግኩትን ብል የሚያርመኝ አልነበረም። እውነቱን በአማርኛ፣ ቅርጫቱን ባዘዙኝ ሽማግሌዎች ፊት፣ አንድ በአንድ ተናገርኩ። ኮንትራቱንም ጭምር።

እትዬ አሰለፈች አላለቀሱም፣ አልተቆጡም። «ተንበርክኮ እያለ ነው የጮኸው?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ወደ ፊት ውጣ፣ አንድ ቀን እንኳ ተንበርከክ ብዬ የገፋሁት እኔ ነኝ።» አሉ። «ስልኩን ከቅርጫቱ መልሶ ኪሱ የከተተና፣ ሲጮኽ እኔን አፍሮ ሳይነሣ የቀረ መስሎኝ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ ሥራውን ያሳጣሁት እኔ ነኝ ብዬ ነው የኖርኩት። ስጠይቀው ዝም ይለኛል።»

እግራቸው ሥር ልወድቅ ጎንበስ ስል በእጃቸው ገፉኝ። ኃይለኛ ግፊት ነበር።

«ዛሬ ውጪልኝ» አሉኝ። «ዓይንሽን ማየት አልችልም። ነገ ነዪ። ነገ ቁጭ ብለሽ፣ ሲጸልይ ምን ይመስል እንደነበር ትነግሪኛለሽ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ ያየሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

ወጣሁ። ነገ ያሉኝ ዛሬ ነው።